የትርፍራፊው መስኮት

ታኅሣሥ 1 ቀን 2011፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለብርሃን ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንዳነሳሁ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረች፣ ካሜራው በስንት እንደተስተካከለ እንድጽፍበት። ሌላ ነገር አልጽፍበትም ብያለሁ። እስኪ እናያለን።

ሥራው ይህ ነው። ከጊንጪ ወደ ጭልሞ ጫካ ሲወጣ ቱሉ ጎራ ኪዳነ ምሕረት የምትባል ትንሽ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለች። መስኮቶቿ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፤ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ በብረት የተያያዘ፣ ቅዱሳን የተሣሉበት። የካቲት 16 የንግሥ በዓሏ ሲያልፍ ትፈርስና በቦታዋ ትልቅ ይሠራል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኦቦ አያና የሚባሉ እህል ነጋዴ ናቸው። አምቦ ድረስ ፎቶ ቤቴ መጡና "መስኮቶቹን አንሺልን፤ በልኩ ስቲከር አሳትመን አዲሱ ሕንፃ መስታወት ላይ እንለጥፋለን" አሉኝ። "የድሮው መስታወትስ?" አልኳቸው። "እሱማ አርጅቷል፤ ማን ይጠግነዋል!"

ቅር አለኝ። ግን ተቀበልኩ። እኔ ባላነሳው ሌላ ሰው ያነሳዋል፤ ያውም በስልክ።

ዛሬ ሄጄ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ናቸው። ኦቦ አያና ግን አሥራ አንድ ይላሉ፤ በሴቶች በር በኩል ያለውን አይቆጥሩትም። ቅዱስ የለበትም፣ መልአክ የለበትም። ሠሪው ሌሎቹን ሲጨርስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ ገጣጥሞ ነው የዘጋው። የክንፍ ጫፍ አለ፣ የፈረስ እግር አለ፣ መሐል ላይ ደግሞ ከአንጓው የተቆረጠ እጅ። "ይሄ ትርፍራፊ ነው፤ አትድከሚበት" አሉኝ። እኔ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። መጨረሻ ላይ ለራሴ አነሳዋለሁ።


ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

መስኮት 1፣ መድኃኔ ዓለም። ከጧቱ 3፡20። ቀጭን ደመና፤ ለመስታወት እንደሱ የሚመች የለም።

ሱሪ አይፈቀድም። በረጅም ቀሚስ ስምንት ደረጃ መሰላል መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ኦቦ አያና ይሞክሩትና ይንገሩኝ። ከመሬት ሆኜ ባነሳማ ደስታዬ ነበር፤ ግን ከታች ሲነሳ መስኮቱ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፣ ቅዱሳኑ ሁሉ ሹል ራስ ይሆናሉ። ስለዚህ ካሜራውን መሰላሉ ጫፍ ላይ አስሬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀጭ።


ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አውርጄ ፕሮግራም አወጣሁ። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴ ስላለ አይሆንም። 16 እና የንግሥ ቀኖች አይሆኑም። ከዚያ የእኔ ቀኖች አሉ። ልማዴ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። እናቴም አትገባም ነበር። ቀኔ ስለማይዛነፍ ከታኅሣሥ 22 እስከ 28፣ ከጥር 20 እስከ 26 ኤክስ አደረግሁበት።

ይሄን ለኦቦ አያና እንዴት ብዬ ልንገር? "በእነዚህ ቀኖች አምቦ ሥራ አለብኝ" አልኳቸው። "የምን ሥራ?" "የሰርግ።" በጾመ ነቢያት ሰርግ! አፍጥጠው አዩኝ። "የጴንጤ ሰርግ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ። ወይ እኔ።

ቶኩማ ሲሰማ ሳቁ አላቆም አለው። ባሌ ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ፕሮቴስታንት ናቸው። "ገብተሽ አንሺዋ፣ ማን ያያል?" አለኝ። እኔ አያለሁዋ።


ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

በዚህ ሳምንት ሦስት መስኮት። 2፣ 3፣ 4። ጊዮርጊስ ጧት ካልተነሳ ፈረሱ ግራጫ ይሆናል።

ግቢው ውስጥ እማሆይ ዘነበወርቅ የሚባሉ መነኩሴ ይኖራሉ። የመጀመሪያ ቀን በክፉ ዓይን ነበር የሚያዩኝ። "በፍላሽ እንዳታነሺ፣ ቀለም ያበላሻል" አሉኝ፤ ፍላሽን ያውቃሉ! አሁን ተላምደናል። ከውስጥ የጧፍ ጥቀርሻ፣ ከውጭ የእርግብ ኩስ ተጋግሮበት ነበር፤ እሳቸው በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለው ጠረጉልኝ። "ሊፈርስ ነው አሉ፤ ታጥቦ ይፍረስ እንግዲህ" አሉ። ሰው ሊገንዙ ያሉ ይመስል ነበር አነጋገራቸው።


ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ኤክስ። ፎቶ ቤት ዋልኩ። አሥራ አንድ የፓስፖርት ፎቶ።

አልመጣም።


ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

አልመጣም። ብርድ ይሆናል። መሰላሉም ይሆናል፤ ሰውነቴን አደከመው።

ያለ ሥራ ከምቀመጥ ብዬ ሄድኩ። መስኮት 5፣ ገብርኤል። 4፡10።


ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ የልደት ዕለት

ምሳ አዴ ኡርጌ ቤት። የቶኩማ እናት ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር ሆዴን ነው የሚያዩት፤ ፊቴን አይተውት አያውቁም። ክፉ ሰው አይደሉም። በጸሎት ቡድናቸው ስሜን አስመዝግበው ያስጸልዩልኛል፤ ከኩላሊት ሕመምተኛውና ሥራ ከጠፋበት ልጅ ቀጥሎ። ጓዳ ሆነው ለእህታቸው "ካሜራ ልጅ አይሆን" ሲሉ ሰማሁ።

ሳህን አጠብኩ። ሰባት ቀን አልፎታል።


ጥር 6፣ ሰኞ

መስኮት 6 እና 7። ኦቦ አያና "አከም ጅርታ ልዩ!" ብለው ስሜን ጠርተው ሰላም አሉኝና "መቼ ነው የምትጨርሺ? ማተሚያ ቤቱ ተራ ይዞልናል" እያሉ መሰላሉ ሥር ቆሙ። መሰላሉን ቢይዙልኝ ምናለ።

ጧት ጧት ያቅለሸልሸኛል። የባጃጁ መንገድ ነው፤ አቧራው።


ጥር 14፣ ማክሰኞ

ጥምቀት አልፎ ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። መስኮት 8። ሁለት ጊዜ አነሳሁት፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። እማሆይ ቆሎ ሰጡኝ። "ባዶ ሆድሽን መሰላል አትውጪ" አሉ። እንዲያው አየት አደረጉኝ።


ጥር 20፣ ሰኞ

ሁለተኛው ኤክስ። ባዶውን ነው ያለፈው።

ለማንም አልናገርም። ገና ነው።


ጥር 25፣ ቅዳሜ

ፋርማሲ ሄጄ መመርመሪያ ገዛሁ፤ የማያውቁኝ ሰፈር ድረስ ሄጄ። ሁለት መስመር ወጣ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ አፌን በፎጣ ያዝኩ። ከዚያ መሐል ወለል ላይ ቁጭ አልኩና እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅሁ።

ይሄ የማደርገው ኤክስ ነው እንግዲህ የነገረኝ! ሌላ ሴት በምኗ ታውቃለች? እኔ በኦቦ አያና ፕሮግራም አወቅሁ።

ለቶኩማ ነገርኩት። እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚያ ወዲያው "መሰላሉስ?" አለኝ። "ከእንግዲህ ሦስት ደረጃ ብቻ ነው የምወጣው፤ የቀሩት ዝቅ ያሉ ናቸው" አልኩት። "ሙት በይኝ።" "ሙት።" ለእናቱ ሦስት ወር ሳይሞላ እንዳይነግር ቃል ገባ። እሱ ቃሉን ይጠብቃል።

መስኮቶቹ ሁሉ እኩል ቁመት ናቸው።


ጥር 28፣ ማክሰኞ

መስኮት 9 እና 10። ስምንት ደረጃ። ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። ሁለት እጄን ይዤ።


ጥር 30፣ ሐሙስ

መስኮት 11፣ ሚካኤል። ከሰዓት 9፡40። ከሁሉ ያማረ ነው፤ ቀዩ እንደ በርበሬ። ስወርድ ቀሚሴ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያዘኝና ወረድ ብዬ ቆምኩ። አልወደቅሁም። ምንም አልሆንኩም።

ለኦቦ አያና "አሥራ አንዱም አለቀ" አልኳቸው። "ገለቶማ!" ብለው አመሰገኑኝና "በቃ ተገላገልሽ" አሉኝ። አልተገላገልኩም፤ ሰኞ ለትርፍራፊው እመለሳለሁ። ብርሃኑ የሚደርስለት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የዛሬው አልፏል።


የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ወገቤን።


የካቲት 3፣ እሑድ

ወረደ።


የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ ያየችኝ ነርስ ደግ ናት። "ብዙ ጊዜ በራሱ ነው የሚሆነው፤ ምንም አድርገሽ አይደለም" አለችኝ። መሰላል ወጥቻለሁ አልኳት። "በመሰላል አይደለም።" ባጃጅ ተሳፍሬያለሁ፤ መንገዱ ድንጋይ ነው። "በባጃጅም አይደለም።" "ታዲያ በምንድን ነው?" "እንጃ እህቴ" አለችና ትከሻዬን ያዘች።

አሥር ሳምንት ነበር አለች። ወንድ ይሁን ሴት ጠየቅኋት። በዚህ ጊዜ አይታወቅም አለችኝ።

ቶኩማ ውጭ ቆሞ ነበር። ስወጣ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ምንም የሌለበት ቀላል ቦርሳ ነው፤ በሁለት እጁ ይዞት ቤት ድረስ ሄደ።

ስምንት ደረጃ። ሦስት ብዬው ነበር።


የካቲት 7፣ ሐሙስ

አዴ ኡርጌ አጥሚት ይዘው መጡ። ቶኩማ "ጉንፋን ይዟት ነው" አላቸው፤ እኔ ነኝ እንዲህ በል ያልኩት። ግንባሬን ዳሰሱ፣ ጸለዩልኝ፣ ሳሎን ወጥተው ከጎረቤት ጋር ተቀመጡ። ግድግዳችን ቀጭን ነው። "መሰላል ላይ ተንጠልጥላ እየዋለች እንዴት አድርጎ ይያዝላት!" አሉ።

አያውቁም። አያውቁም፣ አውቃለሁ አያውቁም። ግን ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።


የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው። አሁን የምጽፈውን በእርጋታ ልጻፈው።

ልማድ ከሆነ ሰባት ቀን ይበቃል። ያን ካልኩ ሰኞ ገብቼ አሥራ ሁለተኛውን መስኮት አነሳለሁ። ጊዜ አለኝ፤ የካቲት 18 ነው ማፍረስ የሚጀምሩት።

ልጅ ከሆነ ግን ሰባት አይደለም። ወንድ የወለደች አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ነው ቤተ ክርስቲያን የማትገባው። አርባ ብል መጋቢት ነው፣ መስኮቱ የለም። ሰማንያ ብል ሚያዝያ ነው።

እኔ የገባኝ ይሄ ነው። ሰኞ ከገባሁ፣ ምንም አልነበረም ብዬ ነው የምገባው።

ካህን ብጠይቅ ይነግረኛል። አልጠይቅም። ሰባት ይበቃሻል ቢለኝስ? ፈራሁ እንጂ ሌላ አይደለም። ማወቅ ስላልፈለግሁ ነው።

መስኮቱን ደግሞ እፈልገዋለሁ። ከእኔ በቀር የሚፈልገው የለም። ሌሎቹ በስቲከርም ቢሆን ይኖራሉ፤ እሱ በመዶሻ ተመትቶ ከፍርስራሹ ጋር ይጫናል። አንድ ፎቶ እንኳ ሳይኖረው።


የካቲት 11፣ ሰኞ

ሄድኩ። ካሜራዬን፣ ትራይፖዴን ይዤ፣ ነጠላዬን ለብሼ። የግቢው በር ላይ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ። አንዱን አወለቅሁ። ሁለተኛውን ማውለቅ አቃተኝ።

ኦቦ አያና ከውስጥ አዩኝ። "ግቢ እንጂ! ምን ቆመሻል?" አሉ። "ዛሬ አልገባም።" "ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ ከአምቦ ድረስ?" "ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው" አልኳቸው። "እንዴ! በደህናሽ ነው?" አሉ። ጫማዬን መልሼ አደረግሁ።

ከውጭ መስኮቱን አየሁት። በቀን ከውጭ ሲያዩት ሁሉም መስታወት ጥቁር ነው። የቆሸሸ ጣውላ በሉት።


የካቲት 13፣ ረቡዕ

ለቶኩማ ነገርኩት። ሦስት ደረጃ አልነበረም፣ ስምንት ነው አልኩት። የጥር 28ቱንም፣ የጥር 30ውንም፣ ቀሚሴ እንደያዘኝም። አፌን ከፍቼ ሁሉንም።

"አውቄያለሁ" አለኝ። "ከየት?" "ከፎቶው። ሚካኤል ፊት ለፊት ነው የተነሳው፤ ጎንና ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። ከሦስት ደረጃ ቢሆን ይጠብ ነበር፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።" ጥር 30 ማታ ነው ያየው። ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። "ተቆጥቼ ልናገር ስል ፎቶውን እያየሽ ደስ ብሎሽ ነበር" አለኝ።

ነርሷ በመሰላል አይደለም ብላለች አለ። ሁለት ጊዜ ደገመው። ሁለተኛውን ለራሱ ይመስለኛል። ባልና ሚስት ቁጭ ብለን ተላቀስን፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

በኋላ ዓይኑን እየጠረገ "በቀን ከውጭ የሚጨልመው ብርሃኑ ውጭ ስለሆነ ነው አይደል?" አለኝ። አስተማሪ ምን ይደረግ። "አዎ።" "ብርሃኑ ውስጥ ሲሆንስ?"

ድንግጥ አልኩ። የንግሥ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል፤ ውስጡ በሙሉ ይበራል።


የካቲት 16፣ ቅዳሜ፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት

ትናንት ማታ ጊንጪ አደርን። በሌሊት 10 ሰዓት ባጃጅ ይዘን ወጣን። ቶኩማ ትራይፖዱን ተሸከመ። በደቡብ በኩል ካለው የግቢው አጥር ውጭ ቆምን፤ ሌሎችም እንደኔ ያልገቡ ሴቶች እዚያው ነበሩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ውስጥ ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይሰማል። በወንዶቹ በኩል ያሉት መስኮቶች በርተዋል። የእኔው ግን ጨለማ ነው። በሴቶች በር በኩል ያለው አምፖል ተቃጥሏል።

ወይ ዕድሌ! ካሜራውን ደግኜ ቆምኩ።

"አንተ መግባት ትችላለህ፤ አንተን የሚከለክልህ የለም፤ ሞቅ ይልሃል" አልኩት ቶኩማን። "እዚሁ ይሻለኛል" አለ። ቆይቶ "እስከ መቼ ነው እንዲህ ውጭ የምትቆሚው?" አለኝ። ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ነው አልኩት። "እና የቱን ነው የምንቆጥረው?" እንጃ አልኩት። የምንቆጥረው ነው ያለው፤ የምትቆጥሪው አላለም።

እማሆይ ዘነበወርቅ በጓሮ በር ወጡና አገኙኝ። "ምነው ልጄ እዚህ?"

"አልገባም እማሆይ።"

"ልማድሽ ነው?"

"አይደለም።"

ፊቴን በባትሪያቸው አዩኝ። ቶኩማንም አዩት። "ስንት ቀንሽ ነው?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አሥራ አራት።"

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሉ። "አንተንም እግዜር ያጥናህ።"

እስከዛሬ እንዲህ ያለን ሰው የለም። ሰው ለሞተበት ነው እንዲህ የሚባለው። ነርሷም አላለችም፣ እኛም እርስ በርሳችን አልተባባልንም። "አሜን" አልኩና የቶኩማን እጅ ያዝኩ።

"ያቺን መስኮት ነው የምትፈልጊ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። ሌላ ሳይጠይቁ ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ ግርጌ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሴቶቹን ጧፋቸውን አስይዘው መስኮቱ ሥር አሰልፈዋቸዋል! ቀዩ ቀድሞ መጣ፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ መጨረሻ ሰማያዊው። ክንፉ፣ የፈረሱ እግር፣ እጁ። አጥር ውጭ የቆምነው ሁሉ "እልል" አልን፤ ሌሎቹ ለኪዳነ ምሕረት ነው፣ እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መስኮት 12። ሌሊት 10፡50። አሥራ አምስት ሰከንድ። አራት ጊዜ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።


የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ትናንት ማፍረስ ጀምረዋል። ኦቦ አያና ፎቶ ቤት መጥተው ፎቶዎቹ ያሉበትን ፍላሽ ዲስክ ተቀበሉኝ። በኮምፒውተር አንድ በአንድ አሳየኋቸው። አሥራ ሁለተኛው ሲመጣ "ይሄ የት ያለ ነው?" አሉ። "የእናንተው ነው።" "ኧረ ተዪኝ! ያ ትርፍራፊ?" ብዙ ጊዜ አዩት። "ትናንት እኮ በመዶሻ አስመታሁት" አሉ። ስቲከሩ ግን አሥራ አንድ ነው። በጀቱ የተያዘው ለአሥራ አንድ ነው።

ከውጭ ስለተነሳ ፎቶው ግራና ቀኙ ተገላብጧል። ከውስጥ ሲያዩት ግራ የነበረው እጅ ቀኝ ሆኗል። በአንድ ክሊክ ይስተካከላል። አላስተካከልኩትም። እኔ የቆምኩት በዚያ በኩል ነው።


መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ዛሬ አርባ ነው።

ጧት ተነስቼ ታጠብኩ፣ ነጠላዬን ለበስኩ። ነገ አርባ አንድ ነው፣ ልገባ እችላለሁ፤ ማንም ምንም አይለኝም። ሁዳዴ ነው፣ መሳለሙም ናፍቆኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስኪ ሐዘኑ ወጥቶልኝ እንደሆነ ብዬ ራሴን አዳመጥኩ። አልበቃኝም። አርባው ደርሶ ገና አልበቃኝም ነበር።

ነጠላውን አጥፌ አስቀመጥኩ። ሰማንያ ነው።

ቶኩማ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ነገርኩት። የቀን መቁጠሪያውን አውርዶ በቀይ እስክሪብቶ እስከ ሚያዝያ 22 ቆጠረ። "ፋሲካ ሚያዝያ 20 ነው፤ ሳትገቢ ሊያልፍ ነው" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።


ሚያዝያ 20፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ምሳ እኛ ቤት ነበር። አዴ ኡርጌ ዳቦ ይዘው መጡ። ገና እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ "ምነው ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አላደርሽም? ድምፅሽ እንቅልፍ የጠገበ ነው" አሉኝ።

"አልገባም። ሁለት ቀን ይቀረኛል።"

"ከስንት?"

አመለጠኝ። "ከሰማንያ።"

ቶኩማ የጠቀለለውን ሳይጎርስ እጁ ላይ ያዘው። አዴ ኡርጌ ኦሪት ዘሌዋውያንን እንደ መዝሙር ነው የሚያውቁት፤ አርባና ሰማንያ ምን እንደሆነ ለእሳቸው አይነገርም። በጣታቸው ወደ ኋላ ቆጠሩ። ሚያዝያ፣ መጋቢት፣ የካቲት። የካቲት ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ጉንፋን ያላችሁኝ ጊዜ ነው" አሉ።

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ ሳሎን ሆኜ ስለ መሰላል..." አሉና አፋቸውን ያዙ። "ሰምተሽኝ ነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

ተነሱ። የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ዞረው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ይቅር በይኝ ልጄ፤ ይሄ አፌ" አሉ። እንባቸው ቀሚሴ ላይ ወረደ። በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

"ኢንተላ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሰማንያ ከሆነ ሴት ናት ማለት ነው?"

"እኔ ነኝ ያልኩት አዴ። ማንም አልነገረኝም።"

"አንቺ ካልሽ ናት። እናቷ ነሽ።" አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ስም አወጣችሁላት?"

አላወጣንም አልኳቸው። እንዲህ ላለው ስም ይወጣል ብለን አላሰብንም ነበር።

"ታዲያ እኔ አያቷ ምን ልሠራ ነው ያለሁት!" አሉ ቆጣ ብለው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ ይጸልያሉ መሰለኝ። ከዚያ "ለንሳ" አሉ።

ቶኩማ ምግቡን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ውሃ ሲከፍት ሰማሁ።

ለንሳ ቶኩማ። ዛሬ ሰባ ስምንት ቀኗ ነው።